ገዢ የሚጠይቀውን ቀድሞ የሚመልስ ድረ ገጽ ይሸጣል

ቅቤ ሊገዛ መርካቶ የወጣ ሰው የሻጩን ምስጋና ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ ቅቤውን በጣቱ ጫር አድርጎ ያሸታል። ጤፍ ገዢም በመዳፉ ዘግኖ እፍ ይልና አሸዋና እንክርዳድ መኖር አለመኖሩን ይመለከታል። ጨርቅ ገዢ ጫፉን በጣቶቹ መካከል ያሻል። ሻጩ ስለ ዕቃው የሚናገረው ቃል የግብይቱ መግቢያ ነው፤ ዋጋ የሚቆረጠው እጅና አፍንጫ ከመሰከሩ በኋላ ነው።

በድረ ገጽ በሚካሄድ ንግድ ግን ገዢው ዕቃውን መንካትም ማሽተትም አይችልም። ከፊቱ ያለው በስልኩ መስታወት ላይ የሚታየው ፎቶግራፍና ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለሆነም ጽሑፉ እጅና አፍንጫ ይሠሩት የነበረውን ሥራ ተክቶ መሥራት ይጠበቅበታል።

ይሁንና በርካታ የንግድ ድርጅቶች ድረ ገጾች “እንኳን በደህና መጡ” ብለው ይጀምሩና “ጥራታቸውን የጠበቁ ዕቃዎችን በተመጣጣኝ ዋጋ” እንደሚያቀርቡ ገልጸው ያበቃሉ። ዋጋ የጠየቀ ሰው “በውስጥ መስመር ያናግሩን” ይባላል። የዚህ አሠራር ኪሳራ በሒሳብ መዝገብ ላይ በግልጽ አይታይም። ለማስታወቂያ ገንዘብ ወጥቶ የመጣው ጎብኚ የሚፈልገውን ሳያገኝ ወደ ሌላ ሻጭ ይሄዳል። የሚደውለውም ቢሆን ድረ ገጹ ሊመልሰው የሚችለውን ጥያቄ እየጠየቀ የሠራተኛን ጊዜ ይወስዳል።

ሙገሳ ለምን አይሸጥም?

ለዚህ ጥያቄ የምጣኔ ሀብት ትምህርት መልስ አለው። አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት የአሮጌ መኪናዎችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ አንድ ችግር አሳይቷል። ሻጩ የመኪናውን ደህንነት ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ሁሉም ሻጭ “መኪናዬ ደህና ነው” ስለሚል ገዢው የደህናውንና የብልሹውን ሻጭ ቃል መለየት ይሳነዋል። በዚህም የተነሳ ለሁሉም ዝቅ ያለ ዋጋ ያቀርባል። ደህና መኪና ያለው ሰው በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያው ሲወጣ ብልሹው ብቻውን ይቀራል። አከርሎፍ ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚሁ መስክ ባበረከተው ሥራ ነው።

ከዚህ ትንታኔ ለድረ ገጽ ጽሑፍ የሚጠቅም አንድ መለኪያ ይገኛል። ማንም ሰው ያለ አንዳች ወጪ ሊጽፈው የሚችል ዐረፍተ ነገር ለገዢ ምንም አይነግረውም። “ጥራት ያለው” የሚለውን ቃል ጥሩውም መጥፎውም ነጋዴ እኩል ይጽፈዋል። “በ12 ወር ውስጥ ሞተሩ ቢበላሽ በአዲስ እንቀይራለን” የሚለውን ግን መጥፎ ዕቃ የያዘ ነጋዴ አይደፍረውም፤ ያከስረዋልና። እንግዲህ ገዢን የሚያሳምነው ሻጩን ሊያስጠይቀው የሚችል ዐረፍተ ነገር ነው።

ይህ ነጥብ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ይበልጥ ክብደት አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2022 ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ከቀረበ በኋላ የሚያምር የሙገሳ ጽሑፍ በሰከንዶች ውስጥ ማስጻፍ ተችሏል። አቅርቦቱ የበዛ ሸቀጥ ዋጋው እንደሚወድቅ ሁሉ የሙገሳም ዋጋ ወድቋል። ኮምፒዩተሩ ሊያውቀው የማይችለው በነጋዴው መጋዘን ውስጥ ያለውን ዕቃ፣ የመጣበትን መንገድና ነጋዴው ሊገባ የተዘጋጀበትን ግዴታ ነው።

የነብራስካው ሙከራ

ጉዳዩ በሙከራም ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ1997 በሰን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ጆን ሞርክስና ጃኮብ ኒልሰን ስለ አሜሪካዋ የነብራስካ ግዛት የጉብኝት ሥፍራዎች የሚገልጽ አንድ ድረ ገጽ በአምስት ዓይነት አጻጻፍ አዘጋጁ። ሥፍራዎቹም ሆኑ ዋና ዋና መረጃዎቹ በአምስቱም ላይ አንድ ነበሩ።

የመጀመሪያው በተለመደው የማስታወቂያ ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን ግዛቲቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቁ፣ በየዓመቱ ብዙ ሕዝብ የሚስቡ ሥፍራዎች የሞሉባት መሆኗን እያወደሰ ይጀምራል። ከዚያም የየሥፍራውን የ1996 ጎብኚዎች ቁጥር ይዘረዝራል፤ ለምሳሌ ፎርት ሮቢንሰን የተባለው ፓርክ 355,000 ሰው እንደጎበኘው ይገልጻል። ሁለተኛው ያንኑ በግማሽ ያህል ቃላት የጻፈ ነው። ሦስተኛው አኃዞቹን ለዓይን እንዲመች በዝርዝር መልክ አስቀመጠ። አራተኛው የሙገሳውን ቃላት አውጥቶ መረጃውን ብቻ ተወ። አምስተኛው ሦስቱንም ዘዴዎች አጣመረ።

አጥኚዎቹ አንባቢዎች የተጠየቁትን መረጃ በምን ያህል ጊዜ እንዳገኙ፣ ምን ያህል እንደተሳሳቱ፣ ምን ያህሉን እንዳስታወሱና ምን ያህል እንደረኩ ለኩ። በሙገሳ ከተጻፈው ጋር ሲነጻጸር አጭሩ 58 በመቶ፣ በዝርዝር የቀረበው 47 በመቶ፣ ሙገሳ የወጣለት 27 በመቶ የተሻለ ውጤት አስገኘ። ሦስቱን ያጣመረው ጽሑፍ ብልጫ 124 በመቶ ደረሰ።

በዚሁ ዓመት ኒልሰን ይፋ ባደረገው ሌላ ውጤት መሠረት ከተፈተኑት ሰዎች 79 በመቶው አዲስ ገጽ ሲያዩ በዓይናቸው ቃኝተው ያልፋሉ፤ ቃል በቃል ያነበቡት 16 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሙገሳ የሚጎዳበትን ምክንያት ሲያስረዳም አንባቢው ከተጋነነው ቃል ውስጥ እውነቱን ለማጣራት ሲል አእምሮውን እንደሚያደክምና በጸሐፊው ላይ ያለው እምነት እንደሚቀንስ ገልጿል።

ሙከራው የለካው ሽያጭን እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል። የለካው አንባቢ የሚፈልገውን ለማግኘት ያለውን ምቾት ነው። ይሁን እንጂ የሚፈልገውን ያላገኘ ሰው አይገዛምና ግኝቱ ለነጋዴ ሩቅ አይደለም።

ሁሉም የሚያደርገውን ቀድሞ የተናገረ

“የእኔ ዕቃ ከሌላው የተለየ ነገር የለውም፤ ምን ልጻፍ?” የሚል ነጋዴ ይኖራል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ታሪክ ከኢንተርኔት ብዙ ዘመን በፊት ተፈጽሟል።

ክላውድ ሆፕኪንስ የተባለው አሜሪካዊ የማስታወቂያ ጸሐፊ በሚልዋኪ ከተማ ለሚገኘው የሽሊትዝ ቢራ ፋብሪካ ማስታወቂያ እንዲያዘጋጅ ተቀጠረ። በጊዜው የቢራ ጠማቂዎች ሁሉ “ንጹሕ ቢራ” እያሉ ይፎካከሩ ነበር። አንዱ ቃሉን በትልልቅ ፊደል ሲያሳትም ሌላው ከዚያ በሚበልጥ ፊደል ያሳትማል። ሆፕኪንስ ፋብሪካውን ገብቶ ጎበኘ። ቢራው በመስታወት በተከለሉ ክፍሎች፣ በተጣራ አየር ውስጥ ሲቀዘቅዝ አየ። ጠርሙሶቹ በመኪና አራት ጊዜ ይታጠባሉ። ፋብሪካው ከሐይቅ ዳር ቢሆንም ለውኃው ጥራት ሲባል 4,000 ጫማ ጥልቀት ያላቸው ጉድጓዶች ተቆፍረዋል።

ሆፕኪንስ ይህን ለምን ለሕዝብ እንደማይናገሩ ሲጠይቅ ሌሎቹም ጠማቂዎች የሚሠሩት እንደዚሁ ነው የሚል መልስ አገኘ። እርሱ ግን ያንኑ ሁሉም የሚያደርገውንና ማንም ያልተናገረውን ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ሽሊትዝ በጥቂት ወራት ከአምስተኛ ደረጃ ተነስቶ ከመጀመሪያው ጋር እኩል እንደደረሰ ተናግሯል። ውጤቱ የራሱ የጸሐፊው ምስክርነት ቢሆንም የዘዴው አመክንዮ ግልጽ ነው። ለነጋዴው ተራ የሆነው ሥራ ለገዢው አዲስ ነገር ነው። በርበሬ ፈጭቶ የሚሸጥ ድርጅት በርበሬው ስንት ጊዜ እንደሚለቀም፣ በምን ላይ ተሰጥቶ እንደሚደርቅና መቼ እንደተፈጨ ቢጽፍ “ንጹሕ በርበሬ” ብሎ ከሚጽፈው ይልቅ ይታመናል።

ከስልክ ደብተር ወደ ድረ ገጽ

እንግዲህ ጽሑፉ ከየት ይጀመር? ከሁሉ የሚሻለው መነሻ በሱቁ ስልክ አጠገብ የሚቀመጥ ደብተር ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ገዢዎች በስልክም በአካልም የጠየቁት ጥያቄ ሁሉ በራሳቸው አነጋገር ይመዝገብ፤ ሲደጋገም ጭረት ይጨመርበት። ብዙ ጭረት ያለው ጥያቄ በድረ ገጹ ላይ በመጀመሪያ መመለስ ያለበት ነው።

የማቀዝቀዣ ሻጭን ምሳሌ እንውሰድ። የተለመደው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ “ዘመናዊና ጥራታቸው የተመሰከረላቸው ማቀዝቀዣዎች በአስገራሚ ዋጋ! ፍጠኑ!” በደብተሩ ላይ የተመዘገቡት ጥያቄዎች ግን በበር ይገባል ወይ፣ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ይቃጠላል ወይ፣ ቤት ድረስ ታደርሳላችሁ ወይ፣ ቢበላሽ ማን ይጠግናል የሚሉ ይሆናሉ። ለእነዚህ መልስ የሚሰጠው ጽሑፍ እንደሚከተለው ሊሆን ይችላል፤ አኃዞቹ ለማሳያ የቀረቡ ናቸው።

“ባለ ሁለት በር ማቀዝቀዣ፣ 250 ሊትር። ቁመቱ 160፣ ወርዱ 55 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከመግዛትዎ በፊት የበርዎን ስፋት ይለኩ። ስታቢላይዘር በዋጋው ውስጥ ተካቷል። አዲስ አበባ ውስጥ በ2 ቀን እናደርሳለን፤ ኮንዶሚኒየም ከሆነ እስከ 4ኛ ፎቅ የሸክም ሒሳብ የእኛ ነው። የ1 ዓመት ዋስትና አለው፤ ጥገናው የሚከናወነው በራሳችን ሱቅ ነው። ዋጋው 62,000 ብር፤ እስከ ወሩ መጨረሻ የጸና ነው። ዕቃው ሲደርስዎ አይተው ይከፍላሉ።”

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድም የሙገሳ ቃል የለም። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር አንድ ጥያቄ ይመልሳል፤ ነጋዴው ቃሉን ባይጠብቅ ገዢው ጽሑፉን አሳይቶ ሊሞግተው ይችላል።

ርዕሱም በዚሁ መንገድ ይመረጣል። ጎብኚው ቃኝቶ የሚያልፍ በመሆኑ ርዕሱ የዕቃውን ስምና ብዙ ጊዜ የተጠየቀውን ጥያቄ መልስ ቢይዝ ይመረጣል። “እንኳን በደህና መጡ” የሚለው ሰላምታ የገጹን ውድ ቦታ ያለ ሥራ ይይዛል። የመጨረሻው መስመር ደግሞ ገዢው ቀጥሎ የሚያደርገውን አንድ ነገር ብቻ ይንገረው፦ ወይ ይደውል፣ ወይ ይዘዝ፣ ወይ ሱቁን መጥቶ ይጎብኝ። አምስት ምርጫ የተሰጠው ሰው ብዙ ጊዜ ነገ እመለሳለሁ ብሎ ይወጣል።

ገዢው ውጭ ሀገር የሚኖር ሲሆን ጥያቄው ይለወጣል። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ሆኖ ለእናቱ ዕቃ የሚገዛ ሰው በውጭ ባንክ ካርድ መክፈል ይቻል እንደሆነ፣ ዕቃው ለመድረሱ ምን ማስረጃ እንደሚላክለትና ካልደረሰ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ ማወቅ ይፈልጋል። ለእርሱ የሸክም ሒሳቡ ሁለተኛ ጉዳይ ነው።

ዋጋን መደበቅ ያዋጣል?

ነጋዴዎች ዋጋ የማይጽፉት ያለ ምክንያት አይደለም። ተወዳዳሪ አይቶ ዝቅ ያደርጋል ብለው ይሰጋሉ፤ የደወለውን ሰው በንግግር ማግባባት ይቻላል ብለውም ያስባሉ። ከሁሉም በላይ ዋጋ ይለዋወጣል። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ጠዋት የተጻፈ ዋጋ ለማታ ያልጸናበት ወቅት መኖሩን አስመጪዎች አይረሱም።

ሆኖም ተወዳዳሪው ዋጋውን ለማወቅ አንድ የስልክ ጥሪ ይበቃዋል። የተደበቀው ከገዢው ብቻ ነው። ዋጋ ያላየ ገዢ ደግሞ “ውድ ቢሆን ነው የደበቁት” ወይም “እንደ ሰው እያዩ ነው የሚጠሩት” ብሎ ይገምታል። የዋጋ መለዋወጥን በተመለከተ መፍትሔው ቀን መጻፍ ነው፤ “እስከዚህ ቀን የጸና” የምትለው ሐረግ ነጋዴውን ከኪሳራ ትጠብቃለች፣ ገዢውንም እንዲወስን ትገፋፋለች። የሚጸናበት ቀን እውነተኛ መሆን አለበት። በየሳምንቱ “ዛሬ ብቻ” የሚል ሱቅ በሦስተኛው ሳምንት የሚያምነው አይኖርም።

የሕግ ጉዳይም አለበት። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ እንዲያሳይ ደንግጓል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚሸጥ ነጋዴ ማንነቱን፣ አድራሻውንና የዕቃውን ዋጋ ለሸማቹ እንዲያሳውቅ የሚያስገድዱ ድንጋጌዎች አሉት። ሕጉ የሚጠይቀውና ገዢው የሚጠይቀው አንድ ሆነው መገኘታቸው ለነጋዴው ሥራውን ያቀልለታል።

ቡና ላኪና የቤት ደላላ

ዘዴው ለችርቻሮ ሱቅ ብቻ የሚሠራ አይደለም። ቡና ላኪ ድርጅት “በዓለም የታወቀውን የኢትዮጵያ ቡና እናቀርባለን” ብሎ ሲጽፍ ገዢው የቡናው መገኛ ኢትዮጵያ መሆኗን አስቀድሞ ያውቃል። እርሱ ማወቅ የሚሻው ቡናው ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ፣ የታጠበ ይሁን ያልታጠበ፣ ደረጃውን፣ የምርት ዘመኑን፣ የመሬቱን ከፍታና የእርጥበት መጠኑን ነው። “የታጠበ ይርጋጨፌ፣ ደረጃ 1፣ 320 ጆንያ እያንዳንዱ 60 ኪሎ፣ ባለ 20 ጫማ አንድ ኮንቴይነር፣ ዋጋው ኤፍ.ኦ.ቢ. ጅቡቲ፣ ናሙና በጠየቁ በ3 ቀን ይላካል” የሚል አንድ መስመር ከአንድ ገጽ ሙገሳ ይልቅ ለውል ያቀርባል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋን የሚመለከት ደንብም የሚሠራበት ቀን ደጋግሞ ቢራዘምም ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ የሚጠይቅ ነው። ይህን መረጃ ይዞ የሚጽፍ ላኪ ከወዲሁ አንድ እርምጃ ይቀድማል።

የቤት ደላላም “ለኑሮ ምቹ የሆነ ዘመናዊ ቪላ” ከማለት ይልቅ የቦታውን ስፋት በካሬ፣ ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን፣ ከዋናው አስፋልት ያለውን ርቀትና የውኃውን ሁኔታ ቢጽፍ ይጠቀማል። ኮሚሽኑ በመቶ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍለው ጭምር ቢገልጽ ለጉብኝት ብቻ የሚመጣው ይቀንሳል፤ የሚመጣው ቤቱን ከልቡ የሚፈልገው ይሆናል። መረጃ በመደበቅ የሚኖር ደላላ ሻጭና ገዢ በስልክ በተገናኙ ቀን ሥራው ያበቃል። መረጃ በማጣራት የሚኖረው ግን የበለጠ ይፈለጋል።

ጉድለትን መናገርና መለካት

ነጋዴ ለመጻፍ የሚቸገርበት የዕቃው ጉድለት ነው። ነገር ግን ገዢው ጉድለት የሌለበት ዕቃ አለ ብሎ አያምንም። “የግራው በር ተፍቆ እንደገና ተቀብቷል” ብሎ የጻፈ የአሮጌ መኪና ሻጭ “ሞተሩ አልተከፈተም” ሲልም ይታመናል። ጉድለቱ ቀድሞ በመነገሩም ገዢው ሩቅ መንገድ መጥቶ ተቆጥቶ አይመለስም፤ የሁለቱም ጊዜ ይተርፋል።

የመጨረሻው ሥራ ጽሑፉን መለካት ነው። ሆፕኪንስ በየጋዜጣው በሚወጡ ኩፖኖች ላይ መለያ ምልክት እያደረገ የትኛው ርዕስ ስንት ገዢ እንዳመጣ ይቆጥር ነበር። ዛሬ ሥራው ቀልሏል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ፣ ለምሳሌ ርዕሱን ብቻ፣ መለወጥና የትእዛዙን ቁጥር ከበፊቱ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። በበዓል ሰሞን የተለካ ውጤት ከጾም ሰሞን ጋር እንዳይነጻጸር መጠንቀቅ ግን ያስፈልጋል።

የስልኩ ደብተርም ሥራ አያቆምም። ድረ ገጹ ከተስተካከለ በኋላ አንድ ጥያቄ በደብተሩ ላይ መደጋገሙን ከቀጠለ መልሱ በገጹ ላይ የለም ማለት ነው፤ አለበለዚያም ማንም በማያየው ቦታ ተቀምጧል። “ዋጋው ስንት ነው?” የሚለው ጥያቄ ቀርቶ “መቼ ታመጡልኛላችሁ?” የሚለው መብዛት ሲጀምር ጽሑፉ ሥራውን እየሠራ መሆኑን ነጋዴው ሊያውቅ ይችላል።